ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ለአምቡላንሳችን ሁለት በርሜል የሞተር ዘይት የሰጡ ዕለት፣ ያላጨበጨበችው ቢልቂስ ብቻ ነበረች። እኔ አጨብጭቤያለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ የሆነውን ሳወራ ራሴን ከጀግኖቹ ወገን እንዳልቆጥር ነው።

ጽናት እባላለሁ፤ አዋላጅ ነርስ ነኝ። አምቡላንሷ የመንግሥት አይደለችም። ደሴ ውስጥ በሆጤና በገራዶ ዙሪያ ያሉ አሥራ አንድ ቅሬዎች አዋጥተው የገዟት ናት። የእኛ አገር ቅሬ፣ ሌላው እድር የሚለው፣ ቀባሪ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሬሳ ያነሳል፣ አንድ ላይ ድንኳን ይተክላል። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው ክረምት ሁለት ወላዶች ቃሬዛ ላይ እንዳሉ ሲሞቱብን ግን የቅሬ ዳኞቹ ተሰብስበው፣ «ለመቅበር ከምናዋጣ ለማዳን እናዋጣ» አሉ። ያለው በሬ ሸጠ፣ የሌለው ዶሮ ሸጠ። ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ የመኪና ዕቃ መደብር ያላቸው ሐጂ ዘይኑልአቢዲን የጎደለውን ሞሉ። ያቺ ነጭ መኪና የመጣችው እንዲህ ሆና ነው።

ሹፌሯ ቢልቂስ ናት። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ስምንት ዓመት ሙሉ በአይሱዙ ዱቄት ስታመላልስ የኖረች። «የሐረጎን ጠመዝማዛ ዓይኗን ጨፍና ትነዳዋለች» ሲሏት «ዓይኑን የጨፈነ ገደል ነው የሚገባው» ትላለች። አምቡላንሷ የመጣች ሰሞን ያደረገችው ነገር ሁላችንንም አስቆን ነበር። ከመኪናዋ ጋር የመጣውን ወፍራም መመሪያ መጽሐፍ ቤቷ ወስዳ፣ እንግሊዝኛውን በስልኳ እየተረጎመች፣ ለማትሪክ እንደሚዘጋጅ ተማሪ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው።

እናም በርሜሎቹ የመጡ ዕለት፣ ምርቃቱ ካለቀ በኋላ ጎንበስ ብላ የበርሜሉን ጽሑፍ አነበበች። ከዚያ ቀና አለች።

«ጋሼ በላቸው፣ ይሄ ዘይት ለዚች መኪና አይሆንም።»

አቶ በላቸው የአምቡላንሷ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰልፍ ላይ ያወራውን ሁሉ ዝም ሲያሰኙ የኖሩ።

«ምኑ ነው የማይሆነው?»

«ደረጃው። የዚች ሞተር መጽሐፍ 5W-30 ይላል፤ ሲ ስሪ የሚል ምልክት ያለበት። ይሄ ነጠላ አርባ ነው። ደረጃውም ሲ ዲ ነው።»

«በአማርኛ ንገሪን።»

«በአማርኛ ዘይቱ የተበላሸ አይደለም። ለአሮጌ የጭነት መኪና ደህና ነው። ለዚች ግን መርዝ ነው።»

መርዝ ማለት አልነበረባትም። ኋላ እሷም «ያቺን ቃል ብውጣት ይሻለኝ ነበር» ብላኛለች። ቃሏ ከአፏ ከመውጣቷ በፊት ኮምቦልቻ የደረሰች ይመስል፣ የአስር ሶላት ሳይሰገድ ሐጂ ጆሮ ገባች። ሐጂ ለነፍሳቸው የሰጡትን ዘይት ሹፌሯ መርዝ አለችው ተባለ።

አጠገባችን ጋሽ ኪዳኑ ቆመው ነበር። አርባ ዓመት ኮምቦልቻ ላይ የጭነት መኪና የጠገኑ መካኒክ ናቸው፤ አምቡላንሷን የሚያዩት በነፃ ነው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔ በዚህ ዘይት ስንት ሞተር አሳድጌያለሁ! ወፍራም ዘይት ለብረት ጋሻ ነው። ቀጭኑ የፋብሪካ ብልጠት ነው፤ ቶሎ ቶሎ እንድትገዢ።»

«ጋሽ ኪዳኑ፣ የእርስዎ ሞተሮች ቱርቦ ነበራቸው? የጭስ ማጣሪያ ነበራቸው?»

«ዘይት ዘይት ነው» አሉ አቶ በላቸው፣ ነገሩን ለመዝጋት። «ሰደቃ አይመረጥም። ጨምሪ።»

ቢልቂስ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተችላቸው። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላ እጇን አጣመረች።

«በእኔ እጅ አይጨመርም። አማና ናት፤ የአሥራ አንድ ቅሬ አደራ። የሚጨምረው ይጨምር፣ እኔ ግን እንዳልጨመርኩ ሁላችሁም እዩልኝ።»

ጋሽ ኪዳኑ ጨመሩት። አየን።

ለምን ሥራውን አልተወችም የሚል ይኖራል። እኔም ጠይቄያታለሁ። «ብተወው ዘይቱ ከውስጧ ይወጣል?» አለችኝ። «እኔ ካለሁ ቢያንስ እንዴት እንደምትታመም አውቅላታለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነስታ፣ ሳትነቃነቅ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትጠብቅ ጀመር። ደሴ በኅዳር እንዴት እንደሚበርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሰው ተቆጣ። «በሽተኛ እየሞተ እሷ እሳት ትሞቃለች» ተባለ። አንድ ቀን እኔም ትዕግሥቴ አለቀ።

«ምንድን ነው የምንጠብቀው?»

«ዘይቱን።»

«ዘይቱ የት ሄዶ?»

«የትም አልሄደም፤ ችግሩ እሱ ነው።» መሪውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። «ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ሲግል ይቀጥናል። መጽሐፉ ያዘዘው ዘይት ሁለት ቁጥር ያለው ለዚያ ነው። የፊተኛው የብርዱ ነው፤ ያቺ ደብሊው በፈረንጅ ክረምት ማለት ናት። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር በብርድ ቶሎ ይፈሳል። የኋለኛው ደግሞ ሞተሩ ከጋለ በኋላ ምን ያህል ውፍረት እንደሚቀረው ይናገራል። አምስቱ ጠዋት ደሴ ነው፣ ሠላሳው ቀትር ላይ ኮምቦልቻ ነው በይው። አንዱ ዘይት ለሁለቱም ይሆናል።»

«የበርሜሉስ?»

«እሱ ደሴን አያውቃትም። አርባ ብቻ ነው። እንዲህ ሲበርደው ማር ይሆናል። ለሞተሩ አየር የምትነፋው ቱርቦዋ ደግሞ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ነው የምትሽከረከረው። ብረቷ ከብረት እንዳይፋተግ የሚጠብቃት ያቺ ስስ የዘይት ሽፋን ናት። ዘይቱ ወደ እሷ የሚሄድበት ቧንቧ ከእስክሪብቶ ቀፎ አይበልጥም። እስቲ ማር በዚያ ቀፎ አሳልፊልኝ፤ ወላድ ምጥ ይዟት፣ አንቺ "ቶሎ! ቶሎ!" እያልሽኝ።»

ገብቶኛል። ግን የገባኝን ነገር ለኮሚቴው ሄጄ አልተናገርኩም። አቶ በላቸው አስተምረውኛል፤ ሐጂ የእህቴን ሠርግ ድንኳን በነፃ ሰጥተዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው ሰው ዝም የሚለው።

ጥር አጋማሽ ላይ ከደሴ ወዲያ ከኩታበር ተደወለ። ፋኢዛ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጇን አምጣ አድራለች። ስንደርስ ሆዷን ዳሰስኩ፤ ልጁ በጎን ተጋድሟል። እዚያ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ባሏን ሙንዚርን ከፊት አስቀምጠን ወደ ደሴ ተመለስን።

ዳገቱ ላይ ሞተሩ ማፏጨት ጀመረ። የፈላ ጀበና እንደሚጮኸው ዓይነት ፉጨት ሳይሆን፣ ቀጭን፣ ጥርስ የሚያሳክክ ፉጨት። ቀጥሎ ጉልበቷ ከዳት። በመስታወት ሳይ ከኋላችን ያለው መንገድ በሰማያዊ ጭስ ተሸፍኗል። ከመሪው ፊት የዘይት ቀይ መብራት በራ። ቢልቂስ ዳር አስያዘቻትና ሞተሩን አጠፋችው።

«ምን አደረግሽ? ንጂ እንጂ!» ብዬ ጮህኩባት። «መብራት ነው የበራው፤ ይቺ ልጅ እየሞተች ነው!»

«ብነዳት መቶ ሜትር አትሄድም። ከመቶ ሜትር በኋላ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ነው የምትቆመው።» በሩን ከፍታ ወረደች።

ከታች በግ የጫነ አይሱዙ እየመጣ ነበር። ቢልቂስ አስፋልቱ መሐል ክንዷን ዘርግታ ቆመች። ሹፌሩ ጡሩንባ ነፋ፤ አልተነቃነቀችም። ፍሬኑ እየጮኸ ከደረቷ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆመ።

«እብድ ነሽ?» አለ ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ። ይስማው ይባላል፤ ስሙን ያወቅነው ኋላ ነው።

«ወላድ አለች። ደሴ ታደርሳታለህ።»

«ጭነት አለብኝ እኮ! በጎቹስ?»

«ይወርዳሉ።»

«ማነው የሚያወርዳቸው?»

ወደ ኋላ ዞራ የካሶኒውን በር መወርወሪያ በድንጋይ መትታ ከፈተችው። በጎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየዘለሉ መንገዱን ሞሉት። ይስማው እርግማን በእርግማን ሆነ፤ ግን ወርዶ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ የያዘው እሱ ነው። ፋኢዛን በጎቹ በለቀቁት ገለባ ላይ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናት። ሙንዚር ራስጌዋ ሆኖ ቁርአን ይቀራል። እኔ እጄን ሆዷ ላይ አድርጌ የልጁን ልብ እቆጥራለሁ። ቢልቂስ ከአምቡላንሷና ከአርባ በግ ጋር እዚያው ቀረች።

በጎቹን በማውረድና በአይሱዙው ዝግታ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ባክኖብናል። እናትም ልጅም ተረፉ፣ አልሃምዱሊላህ። ማህፀኗ ግን ተቀዶ ስለነበር ወጣ። ሐኪሙ ከቀዶ ክፍል ወጥቶ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ...» አለና አልጨረሰውም። ፋኢዛ በሃያ ሁለት ዓመቷ ሌላ ልጅ አትወልድም። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጋሽ ኪዳኑ ሞተሩን ፈትተው ነበር፤ ቱርቦው ተበልቷል፣ የሞተሩም ብረት ተጭሯል። ምክንያቱን ሲጠየቁ «ዳገት ላይ በከባድ ማርሽ ተጨንቃለች» አሉ። አቶ በላቸው የተጻፈ ወረቀት አወጡ። «ተሽከርካሪውን ከአቅም በላይ በማስጨነቅ ለደረሰው ጉዳት ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ» ይላል። ከታች የቢልቂስ ስም፤ ከሱ በታች ደግሞ የምስክር ቦታ አለ፤ የእኔ ስም።

«ብትፈርሚ ሥራሽ እንዳለ ነው» አሏት ለስለስ ብለው። «ሐጂ ለጥገናው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ዘይቱ ነው የሚል ወሬ ከቀጠለ ግን አይሰጡም። አስቢበት፤ እሑድ ጠዋት በጉባኤው ፊት ትፈርሚያለሽ።»

አልከፉም። ያን ቀን ክፉ ሰው አላየሁም። መኪናዋ እንድትነሳ የፈለጉ ሽማግሌ ነው ያየሁት፤ የቸኮሉበትን መንገድ ግን አንዲት ሴት ላይ ረግጠው ሊሻገሩት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሆጤ ወደ ቤቷ ሄድኩ። ባሏ ሁዘይፋ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ ጨርቁን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ ይለምናታል።

«ፈርሚና ይብቃ፣ ቢልቂስ። ወረቀት ነው። እኛ እናውቃለን፣ አላህ ያውቃል። ሌላው ምን ቸገረሽ?»

«ሁለተኛው በርሜል ቸገረኝ።»

«የምን በርሜል?»

«ገና ያልተከፈተው። እኔ "አስጨንቄያት ነው" ብዬ ከፈረምኩ ሞተሯ ይጠገናል። ከዚያስ? ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ዘይቱ ንጹሕ ነው። ያንኑ ዘይት ያጠጧታል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ፋኢዛ ዳገት ላይ ትቀራለች። ወላሂ ስሜ ብቻ ቢሆን ኖሮ እፈርመው ነበር፤ ስሜን በሰባት ሰፈር ሲያነሱት ኖረዋል። ይሄ ግን ስም አይደለም።»

ሁዘይፋ መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺስ? ስምሽ እዚያ ላይ አለ።»

«እያሰብኩ ነው።»

«አስቢ። ፋኢዛ ጋ ሄደሽ፣ እሷን እያየሽ አስቢ።»

አልሄድኩም። መሄድ አላስፈለገኝም።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ሞልቷል። ሣሩ ላይ አመዳይ አለ፤ ሰው ጋቢውን አፍንጫው ድረስ ጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የቅሬ ዳኞቹ ከፊት ናቸው፤ የሁሉም ዋና ደሳለው የሚባሉ የገራዶ ገበሬ ናቸው፤ ጥቂት የሚናገሩ፣ የተናገሩት የሚጸና። ሐጂ ዘይኑልአቢዲን ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ በላቸው ወረቀቱን አነበቡና እስክሪብቶ ዘረጉላት።

ቢልቂስ እስክሪብቶውን አልተቀበለችም።

«አልፈርምም» አለች።

ሜዳው አጉረመረመ። አቶ በላቸው «ምክንያት?» አሉ።

«ምክንያቴን በወሬ አልናገርም። በርሜሉን አውጡልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሷው ሜዳው ጥግ እስካለው መጋዘን ድረስ ሄዳ፣ የተጋመሰውን በርሜል በጎኑ እያንከባለለች አመጣችው። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ከዘንቢሏ ሰፊ ሳህንና ሁለት የውኃ ፕላስቲክ አወጣች። ፕላስቲኮቹን ከትናንት ማታ ጀምሮ ጣሪያዋ ላይ አስቀምጣቸዋለች፤ አንዱ ውስጥ የበርሜሉ ዘይት፣ ሌላው ውስጥ መጽሐፉ ያዘዘው፤ ከደሴ ገበያ አንድ ሊትር ገዝታ ያመጣችው።

«ያ ጀማዓ፣ ሁለቱም አንድ ብርድ ነው ያገኛቸው። እዩ።»

ሁለቱን እኩል ዘቅዝቃ ያዘቻቸው። የአንዱ ዘይት ወዲያው ወረደ፤ ሳህኑ ላይ እንደ ውኃ ተዘረጋ። የበርሜሉ አፉ ላይ ተንጠለጠለ። ቆይቶ እንደ ለሃጭ እየተሳበ መጣ። ከኋላ የነበሩት ለማየት ተነሱ።

«ሞተር ሲነሳ እንዲህ ነው» አለች። «አምቡላንስ ደግሞ እስኪሞቃት አትጠብቅም፤ ስትጠራ መሮጥ ነው። ብጠብቅ ተሰደብኩ። እሺ፣ ውፍረቱ አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ፊደሉ ነው።» በርሜሉ ላይ ያለውን ምልክት በጣቷ መታች። «ይሄ ሲ ማለት የናፍጣ ሞተር ዘይት ነው። የቤንዚኑ በኤስ ይጀምራል። ከሲ ቀጥሎ ያለው ፊደል ዘመኑን ነው የሚናገረው። ሞተር በተለወጠ ቁጥር ፊደሉ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዛሬ ኬ ደርሷል። ይሄ ዲ ነው። ሠላሳ ዓመት አልፎታል። የዛሬ ሞተር ጥላሸቱን ዘይቱ ውስጥ ነው የሚያጥበው፤ ያረጀው ዘይት ጥላሸቱን መሸከም ስለማይችል ጭቃ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ይቺ መኪና ጭሱን የሚያጣራ ወንፊት አላት። ዘይት ሲቃጠል አመድ ይተዋል። መጽሐፉ ያዘዘው ሲ ስሪ ደግሞ ሌላ ምልክት ነው፤ አመዱ ጥቂት የሆነ ማለት ነው፤ ይሄ ግን አመዱ ብዙ ነው፣ ወንፊቱን ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። መኪናዋን የሠራት ሰው ነው የጻፈው፤ ገጹ ይኸው፣ ማንበብ የሚችል ይምጣ።»

«ዳገቱንስ?» አሉ አቶ በላቸው። «ጋሽ ኪዳኑ ምን እንዳሉ ሰምተሻል።»

«እሳቸውንም ልጠይቅ ነው።» ዞረች። «ጋሽ ኪዳኑ፣ ሽማግሌ ነዎት፤ በሰው ፊት አላዋርድዎትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ወደ ቱርቦው የሚሄደውን የዘይት ቧንቧ ሲፈቱት፣ ክፍት ነበር ወይስ ድፍን?»

ጋሽ ኪዳኑ መሬት መሬት አዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት። እኔ በልቤ ይዋሻሉ ብዬ ነበር።

«ድፍን ነበር» አሉ በመጨረሻ። «በጥቁር ጭቃ። በሽቦ ነው የወጋሁት።»

«ለምን አልነገሩንም?» አሉ ደሳለው።

«አርባ ዓመት ሠርቼ...» አሉና ተዉት። ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ ያንኑ ግን መልሰው አልዋጡትም።

ያኔ ነው እኔ የተነሳሁት። «እኔም ምስክር ሆኜ አልፈርምም» አልኩ። «መኪናዋ ውስጥ ነበርኩ። ዘይቱ እንደማይሆን ቀድማ ነግራናለች፤ ሁላችንም ሰምተናል። እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ።»

ሐጂ ከወንበራቸው ተነሱ። ፊታቸው ቀልቷል።

«ስልሳ ዓመት በሐላል ነግጄ፣ ለነፍሴ ብዬ የሰጠሁትን ዘይት በሕዝብ ፊት እንደ ለሃጭ አንጠባጠብሽው። መርዝ ነጋዴ አደረግሽኝ!»

«ሐጂ፣ መርዝ ያልኩባት ቃል ጥፋቴ ናት፤ አውፍ ይበሉኝ። ዘይትዎ ለአሮጌ መኪናና ለወፍጮ ሞተር ይሁን፣ አጅርዎ ከአላህ ዘንድ አይጎድልም። ለዚች ግን አይሆንም። ነገ ቢሰጡንም አይሆንም።»

«ነገማ አልሰጥም!» አሉ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ከኋላቸው ሃያ የሚሆን ሰው ተከተላቸው።

ደሳለው ወረቀቱን ከአቶ በላቸው እጅ ተቀበሉ። አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ አይፈረምም» አሉ። ፍርዱ ያ ነበር።

ድል የሚመስለው ሰው ይኖራል። መኪናዋ ግን ሰባት ሳምንት ቆማለች። ሐጂ እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ቅሬዎቹ ባዶ ኪስ እየዳበሱ እንደገና አዋጡ። በሰባቱ ሳምንት ወላድ በቃሬዛ ተሸክመናል። አንድ ሽማግሌ አስም ተነስቶባቸው መንገድ ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው ላይ አንዲት ሴት ቢልቂስ እየሰማች፣ «ለአንድ ፊደል ስትሟገት ሰው ጨረሰች» አለች። ቢልቂስ ራሷን አላቀረቀረችም። ወደ ቤት ስንመለስ ብቻ፣ «ፈርሜ ቢሆን በሰባቱ ሳምንት እሳቸው ሳይሆኑ በሰባተኛው ወር ሌላ ሰው ነበር የሚሞተው» አለችኝ። እውነት ነው? አላውቅም። እሷም ስትለው እርግጠኛ አልመሰለችኝም። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም።

መኪናዋ የተነሳች ዕለት ደሳለው ቁልፉን ሰጧት። ከመቀበሏ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፤ የመኪናዋ ዘይት ደረጃ በቅሬዎቹ መተዳደሪያ ላይ ይጻፍ፤ ከዚያ ውጭ ማንም ይስጥ ማን እንዳይጨመር። አቶ በላቸው ራሳቸው ጻፉት፤ በዚያ በርዕሰ መምህር የእጅ ጽሑፋቸው፣ ፊደሎቹን ሁለት ጊዜ እያስደገሟት። ይቅርታ አልጠየቋትም። ሲጨርሱ ግን፣ «ለሰላም ስትይ ሐጂ ዘንድ ሂጂ» አሏት።

በአምቡላንሷ ሄደች፤ እኔም አብሬያት ወረድኩ። ኮምቦልቻ ሞቆ ነበር። ሐጂ መደብራቸው ውስጥ ናቸው፤ ከኋላቸው ጣሪያው ድረስ ዘይት ተደርድሯል። ተቀመጡ አላሉንም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። በሰው ፊት ድምፄን ከፍ ስላደረግኩብዎ አውፍ ይበሉኝ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ወአለይኩም ሰላም። ስለዘይቱስ?»

«ስለዘይቱ አልመጣሁም።»

«ሰደቃዬን ነው የጣልሽው።»

«የጣልኩት ዘይቱን ነው።»

«ለእኔ አንድ ነው።»

«ይገባኛል። ለሞተሯ ግን አንድ አይደለም፣ ሐጂ።»

አውፍ አላሉም። እሷም ደግማ አልለመነችም። ስልኬ ጮኸ፤ ከገራዶ ነበር፤ አንዲት ወላድ የሽርት ውኃዋ ፈሷል። ቢልቂስ ሐጂን በክብር ጎንበስ ብላ ተሰናበተችና ወጣች። እኔ ገና የአምቡላንሷን በር ሳልዘጋ የሐረጎን ዳገት ተያያዘችው።